ጅግጅጋ ላይ የቆመው ችካል
ታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች የሚያስከትሉትን የምድር መዛወር በሳተላይት ስለ መለካት በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የመሬት ቅየሳ ሙያ ከጥንት ጀምሮ በአንድ እምነት ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ይኸውም ችካል አይንቀሳቀስም የሚለው ነው። ቀያሹ ችካሉን በዓለት ላይ ይተክላል፤ ሥፍራውን በቁጥር ይመዘግባል፤ ዓመታት አልፈው ሌላ ቀያሽ በመጣ ጊዜ ያንኑ ቁጥር ይዞ ያንኑ ችካል ያገኛል። የእርሻ ወሰን፣ የመንገድ ንድፍ፣ የከተማ ፕላን፣ የአገር ድንበር ሳይቀር በዚህ እምነት ይጸናሉ። እምነቱ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ችካሉ የቆመበት ዓለት ራሱ ይጓዛል። ጉዞው እጅግ ዝግ ያለ በመሆኑ ለዓይን አይታይ እንጂ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኝ ማንኛውም ችካል ከምድር እምብርት አንጻር ሲለካ በዓመት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ችካል በተተከለበት ቀን ከነበረበት ሥፍራ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ጉዞ በሳተላይት አማካይነት እንዴት እንደሚለካ፣ ይልቁንም ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ መሬቱ ምን ያህል እንደ ተዛወረ ለማወቅ ልኬቱ የሚሰጠውን አገልግሎት ከጅግጅጋና ከሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች አንጻር መመርመር ነው። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ለመናገር ጅግጅጋ ለምን ተመረጠች የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እሳተ ገሞራው በአፋር ነው፤ ስንጥቁ በአዋሽ ሸለቆ ነው፤ ጅግጅጋ ግን በሰፊ ሜዳዋ ላይ በጸጥታ ተቀምጣለች። ለልኬት ሥራ ግን ይህ ጸጥታ ራሱ ሀብት መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

የሥፍራው አቀማመጥ

ኢትዮጵያ ሦስት ታላላቅ የምድር ቅርፊት ክፍሎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ትገኛለች። እነዚህ ክፍሎች በሳይንሱ አጠራር ፕሌት ይባላሉ። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ያለው ደጋ የኑብያ ፕሌት ነው። በስተ ምሥራቅ ያለው የአርሲ፣ የባሌና የሐረርጌ ደጋ እስከ ኦጋዴን ድረስ የሶማሊያ ፕሌት ነው። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ማዶ ደግሞ የዐረብ ፕሌት አለ። ሦስቱም እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው መሬት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። የአፋር ዝቅተኛ ቦታ የዚህ መራራቅ ውጤት ነው።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሶማሊያ ፕሌት ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራቧ ከሐረር የሚመጣው መንገድ የሚያልፍበት የማርዳ ተራራ ሰንሰለት አለ። በዚህ ሰንሰለት በኩል ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደውን ጥንታዊ የስብራት መስመር የሥነ ምድር ሊቃውንት የማርዳ ስብራት ብለው ይጠሩታል። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ሜዳው እስከ ቶጎ ጫሌና እስከ ተፈሪ በር ይዘረጋል። የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል ግን ይህ ደጋ ብቻ አይደለም። ኤረር፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ከገደሉ በታች በቆላው ውስጥ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በደጋውና በቆላው መካከል ከድሬዳዋ በላይ የሚታየው ታላቅ ገደል በመሬት ስብራት የተፈጠረ ነው። ስለዚህ አንድ ክልል ሁለት ዓይነት መሬት ይዟል፤ አንደኛው የጸና ደጋ፣ ሁለተኛው የስምጡ ጠርዝ ነው።

በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሶማሊያ ፕሌት ከኑብያ ፕሌት የሚርቅበት ፍጥነት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅግጅጋ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ መስመር ስምጥ ሸለቆውን ስለሚያቋርጥ በየዓመቱ የአንዲት የስንዴ ቅንጣት ርዝመት ያህል ይጨምራል። በአንጻሩ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ጫሌ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ፕሌት ላይ ስለሆነ አይረዝምም፤ አያጥርምም። ሁለቱ ከተሞች ይጓዛሉ፤ ነገር ግን አብረው ይጓዛሉ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ኮሚሽን በዚያ አካባቢ የተከላቸው የድንበር ምልክቶችም ዕጣቸው ይኸው ነው። ከምድር እምብርት አንጻር ከሁለት ሜትር በላይ ተዛውረዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን ያው እንደ ነበሩ ናቸው።

የ1898 ዓ.ም. ትምህርት

መሬት እንደሚዛወር ለመጀመሪያ ጊዜ በአሳማኝ ሁኔታ ያስረዱት የቀያሾች መዝገቦች ናቸው። በሚያዝያ 1898 ዓ.ም. የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከአደጋው በፊት በልዩ ልዩ ዓመታት የተካሄዱትን የሦስት ማዕዘን ቅየሳ ውጤቶች ከአደጋው በኋላ ከተካሄደው ቅየሳ ጋር አመዛዘነ። ከስንጥቁ ርቀው የሚገኙት ነጥቦች ከአደጋው በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ቀስ በቀስ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ እንደ ነበር፣ በስንጥቁ አጠገብ ያለው መሬት ግን ተይዞ እንደ ቈየ፣ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ እንደ ደረሰባቸው ተገነዘበ። መሬት እንደ ተለጠጠ ቀስት ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቀስቱ ሲለቀቅ ምድር ትናወጣለች። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይንስ መሠረት ሆኖ ይኖራል።

በዚያው በ1898 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር፣ በኢትዮጵያም በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሕዝቡን አስደንግጧል። በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ታላላቅ መንቀጥቀጦች አንዱ ነው። ሆኖም በዚያ ጊዜ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ አስቀድሞ የተለካ መረብ አልነበረም። ስለዚህ መሬቱ በየት በኩል ተከፈተ፣ ምን ያህል ሰመጠ ለሚለው ጥያቄ የሚመልስ መዝገብ የለም። የቀረው በጽሑፍ የተላለፈ ምስክርነት ነው። ይህንንም ምስክርነት የሰበሰቡት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው። እኚህ ሰው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያን አቋቁመው፣ ኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ከዚያ በኋላም ታላላቅ መንቀጥቀጦች ደርሰዋል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር ወደመች። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. በዶቢ ሜዳ የደረሰው መንቀጥቀጥ የአሰብን መንገድ ጎዳ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ሲስሞግራፎች ነውጡን መዝግበዋል። ሲስሞግራፍ መንቀጥቀጡ መቼ፣ የት፣ በምን ያህል ኃይል እንደ ደረሰ ይናገራል። ነውጡ ካለፈ በኋላ መሬቱ ተመልሶ የተቀመጠበት ሥፍራ ከቀድሞው በምን ያህል እንደሚለይ በትክክል ለመናገር ግን ከአደጋው በፊት የተወሰደ ልኬት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የተለካ መረብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከደወሌ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በጅቡቲ አሳል ሐይቅ አጠገብ ታይቷል። በ1971 ዓ.ም. በዚያ ሥፍራ መሬቱ ተሰንጥቆ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የፈረንሣይ ቀያሾች ከጥቂት ዓመታት በፊት የተከሏቸው ነጥቦች ነበሩ። እንደገና ሲለኩ ስምጡ ወደ 2 ሜትር ያህል መስፋቱና መካከሉ መስመጡ ተረጋገጠ። ችካሎቹ ባይኖሩ ኖሮ ስምጡ ሰፍቷል ከማለት በቀር ቁጥር መስጠት ባልተቻለም ነበር።

በዋናው ስምጥ ሸለቆም ፖል ሞር የተባሉት የሥነ ምድር ሊቅ ከ1961 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በብርሃን ጨረር ርቀት በሚለካ መሣሪያ ከዳር እስከ ዳር መስመሮችን ለክተው ነበር። በዚያን ጊዜ የታየው ለውጥ ከመሣሪያው ስሕተት ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ውጤቱ አጠራጣሪ መስሎ ታይቷል። ሆኖም የቆዩት ልኬቶች በ1980ዎቹ በጂፒኤስ ከተወሰዱት ጋር በአንድነት ሲሰሉ፣ ስምጡ በዓመት 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚሰፋ በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ታትሞ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ያህል ያስቆጠረ ልኬት በተወሰደበት ጊዜ ያልነበረውን ዋጋ ከጊዜ በኋላ አገኘ።

ልኬቱ የሚካሄድበት መንገድ

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። ከእነርሱም ጋር ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ በአንድነት ያገለግላሉ። እያንዳንዷ ሳተላይት ያለችበትን ሥፍራና ሰዓት የሚገልጽ የሬዲዮ ምልክት ታሰራጫለች። በእጅ የሚያዝ ተራ መቀበያ ምልክቱ የፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ሥፍራውን በጥቂት ሜትር ስሕተት ያውቃል። ለመሬት እንቅስቃሴ ጥናት ይህ አይበቃም። የጥናት መቀበያ የሬዲዮውን ሞገድ ራሱን ይቈጥራል። ከሞገዶቹ አንዱ 19፣ ሌላው 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። መቀበያው የአንዱን ሞገድ መቶኛ ያህል ለይቶ ማወቅ ስለሚችል ልኬቱ እስከ ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

በሥራው ላይ ያለ ባለሙያ እንደሚያውቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልፋት ስሕተቶችን መቀነስ ነው። የሳተላይቶቹ ትክክለኛ ጎዳና ከዓለም አቀፍ መረብ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቋሚ ጣቢያም የዚህ መረብ አባል ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ምልክቱን ያዘገያል፤ ስለዚህ ልኬቱ ለብዙ ሰዓታት፣ ቢቻል ለሁለትና ለሦስት ቀናት ያለማቋረጥ መካሄድ አለበት። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው ኤሌክትሪክ ያዘለው የላይኛው ከባቢ አየር ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ ይህ ሁከት በጅግጅጋ ሰማይ ላይ ከብዙ አገሮች ይልቅ ይበረታል፤ በተለይም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ባሉት ሰዓታት ምልክቱ ይቆራረጣል። የሁለቱን ሞገዶች ልዩነት በማነጻጸር አብዛኛው ስሕተት ይወገዳል። ስለዚህ በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሠራ ርካሽ መቀበያ ለዚህ አገልግሎት አይመከርም።

አንድ ምሳሌ ሥራውን ያብራራል። በማርዳ ተራራ ላይ ያለ ነጥብ ዛሬ ተለክቶ ከ5 ዓመት በኋላ እንደገና ቢለካ፣ የእያንዳንዱም ልኬት ስሕተት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በፍጥነቱ ላይ የሚኖረው ስሕተት በዓመት 0.85 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመካከሉ ጊዜ 10 ዓመት ቢሆን ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሚፈለገው ፍጥነት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልኬቱ ትርጉም ያለው ውጤት ይሰጣል። እዚህ ላይ ስሕተቱን የሚቀንሰው ትዕግሥት ነው። ለዚህም ችካሉ አሥር ዓመት በቦታው መቈየት አለበት።

ታላላቅ መንቀጥቀጦች ያሳዩት

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጃፓን ሰሜን ምሥራቅ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ 1,200 ያህል ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ሥራ ላይ ነበሩ። በባሕሩ ዳርቻ ያለው መሬት ከ5 ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተዛውሮ ከ1 ሜትር በላይ መስመጡ ተለካ። ከባሕር በታች ያለው ወለል ደግሞ 24 ሜትር ያህል መሄዱ ታወቀ። ከሁሉ በላይ ትምህርት የሰጠው ግን ሌላ ነው። ከሲስሞግራፎች በችኰላ የተሰላው የመጀመሪያ ግምት መንቀጥቀጡን 7.9 አድርጎ አሳንሶ ነበር፤ እውነተኛው መጠን 9 ሆኖ ተገኘ። ነውጡ እጅግ ሲበረታ ሲስሞግራፍ ከመጠኑ ያልፍበታል፤ በጂፒኤስ የተለካ ችካል ግን አምስት ሜትር ቢዛወር አምስት ሜትር ብሎ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የሱናሚ ማስጠንቀቂያን ከዚህ ዓይነቱ ልኬት ጋር የማጣመር ጥረት በልዩ ልዩ አገሮች ተጠናክሯል።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በኔፓል የደረሰው መንቀጥቀጥም የካትማንዱን ሸለቆ 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ አንሥቶ ከ1 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ገፍቶታል። ከተማዋን የተሸከመው መሬት በሰከንዶች ውስጥ ተነሥቶ ተቀመጠ። በዚያ የነበሩ ጥቂት መቀበያዎች ይህን ሁሉ ከሰከንድ ሰከንድ መዝግበዋል።

የአፋር ምስክርነት

በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት በመስከረም 1998 ዓ.ም. የተገኘ ነው። በአፋር በደባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈተ። ከታች የተነሣ ቅልጥ ዓለት በስንጥቁ ውስጥ እንደ ግድግዳ ገባ፤ መክፈቻው በጥልቁ እስከ 8 ሜትር ደረሰ። መስከረም 16 ቀን ዳዑሬ በተባለው ሥፍራ አመድ ፈነዳ። በዚያ አካባቢ ፕሌቶቹ የሚራራቁት በዓመት ቢበዛ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ 8 ሜትር ማለት የአራት መቶ ዓመት ጉዞ በጥቂት ሳምንታት ተካሄደ ማለት ነው። ሪድ ከ1898 ዓ.ም. መንቀጥቀጥ ተነሥቶ የደረሰበት ሐሳብ፣ ማለትም መሬት ጉዞዋን አጠራቅማ በአንድ ጊዜ ትከፍላለች የሚለው፣ በአፋር በረሃ ሌላ መልክ ይዞ ተገለጠ።

የዚህን መሬት መዛወር ከሁሉ በፊት ያሳየው የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት ነበር። ራዳሩ ከአደጋው በፊትና በኋላ የወሰዳቸውን ምስሎች በማነጻጸር የመሬቱን ለውጥ በሥዕል አሳየ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በአካባቢው የጂፒኤስ ነጥቦችን ተከሉ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በተከታታይ የገቡትን 13 ተጨማሪ የቅልጥ ዓለት ግድግዳዎች ለመከታተል እነዚህ ነጥቦች ከራዳሩ ጋር አገልግለዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች አይተካኩም። ራዳሩ ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ ያያል፤ ነገር ግን የሚያየው ሳተላይቷ በምታልፍበት ቀንና ወደ እርሷ በሚያደርሰው መስመር ብቻ ነው። ጂፒኤስ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ያለማቋረጥ ይቈጥራል።

በቅርቡም፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዓለት ከመሬት በታች ገብቶ ተከታታይ መንቀጥቀጦችን አስከትሏል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው 6 ገደማ የሆነ መጠን ነበረው። ነውጡ እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ ተሰምቷል፤ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሥቷል። በዚያ በኩል የአዲስ አበባ ጅቡቲ መንገድና የባቡር ሐዲድ ያልፋሉ። ያው ሐዲድ ከድሬዳዋ በኋላ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ይዘልቃል። ስለዚህ በፈንታሌ የሚሆነው ነገር ለሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጸጥ ያለው ዳርቻ ለምን ያስፈልጋል

ማንኛውም ልኬት ዜሮውን የሚያኖርበት ሥፍራ ይሻል። በፈንታሌ መካከል ያለ ነጥብ 1 ሜትር ሄደ ሲባል ከምን አንጻር የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ቅልጥ ዓለት እንደ ሽብልቅ ሲገባ በአጠገቡ ያለውን መሬት ብቻ ሳይሆን የስምጡን ሁለት ትከሻዎች ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ግፊቱም ከሥፍራው በራቁ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ከአደጋው በኋላም የጋለው የታችኛው ምድር ቀስ እያለ ስለሚላላ ትከሻዎቹ ለዓመታት ከልማዳቸው በፈጠነ ሁኔታ ሊራራቁ ይችላሉ። በአይስላንድ ክራፍላ በተባለው ሥፍራ ከ1968 እስከ 1977 ዓ.ም. ከተካሄደው መሰንጠቅ በኋላ እንዲህ ያለ ፍጥነት በጂፒኤስ ተለክቷል።

ይህን ለማወቅ በሁለቱም ትከሻዎች ላይ የጸኑ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። የምዕራቡ ትከሻ አዲስ አበባ አለው። የምሥራቁ ትከሻ የሐረርጌ ደጋ ነው፤ ከዚያም ደጋ ከስምጡ ርቆ በሶማሊያ ፕሌት ላይ የጸናው ሥፍራ የጅግጅጋ አካባቢ ነው። ጅግጅጋ ጸጥ በማለቷ የሚዛኑ አንደኛው ክንድ ትሆናለች። ከጅግጅጋ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሽንሌና ወደ አይሻ የሚወርድ የነጥቦች መስመር ቢለካ፣ ቆላው ከደጋው ጋር አብሮ ይጓዛል ወይስ በመካከላቸው ባለው ገደል ሥር ውጥረት እየተጠራቀመ ነው የሚለው ጥያቄ በቁጥር መልስ ያገኛል። ጥያቄው በገደሉ ሥር ለሚኖረው ሕዝብና ለባቡሩ መስመር የደኅንነት ጥያቄ ነው።

የሥራው እንቅፋቶች

የጅግጅጋ ሜዳ በብዙ ቦታ ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በዝናብ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ የተተከለ ችካል በአንድ የካራን ዝናብ የሚያደርገው መነሣትና መውረድ ምድር በብዙ ዓመት ከምትጓዘው ይበልጣል። ስለዚህ ለመሬት እንቅስቃሴ የሚሆን ነጥብ ከሜዳው ይልቅ በማርዳ ሰንሰለትና በመሳሰሉት ከፍታዎች ላይ፣ ከሥሩ ጋር በተያያዘ ዓለት ውስጥ መተከል አለበት። ለከተማ ሥራ የተተከለ ችካል ሁሉ ለዚህ ጥናት ይሆናል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰው ነው። በአርብቶ አደር አገር ድንጋይ መትከል ተራ ነገር አይደለም። በግጦሽ መሬት ላይ ወይም በአንድ ብርካ አጠገብ የማይታወቅ ምልክት የተመለከተ እረኛ ሰው መሬቱን ሊወስድ መጥቷል ብሎ ቢነቅለው አይፈረድበትም። ድንበርን በተመለከተ ብዙ ታሪክ ባለፈበት በዚህ አካባቢ ጥርጣሬው በቂ ምክንያት አለው። ከኡጋዞችና ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ምልክቱ ወሰን አለመሆኑን በሶማሊኛ ማስረዳት፣ ከአካባቢው ሰዎች ጠባቂ መምረጥ የልኬቱ አካል ነው። ሽማግሌ የሚያውቀው ችካል ከሲሚንቶ ይልቅ ይጸናል።

ሦስተኛው ከሙያተኛው ራሱ የሚመጣ ነው። በከተሞች መስፋት ምክንያት ብዙ የቆዩ ነጥቦች በመንገድና በግንብ ሥር እየጠፉ ነው። አንድ ነጥብ የሚጠፋ መሆኑ ከታወቀ ከመፍረሱ በፊት አዲስ ነጥብ ተተክሎ ሁለቱ በአንድ ቀን ቢለኩ ታሪኩ አይቋረጥም። ይህ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው።

አራተኛው የመዝገብ ጉዳይ ነው። የአዲንዳን መነሻን ተከትለው የተሠሩት የቆዩ ካርታዎች ከሳተላይት ልኬት ጋር 200 ሜትር ያህል እንደሚለያዩ ሁሉም ባለሙያ ስለሚያውቅ ማስተካከያውን አይረሳም። የምድር ጉዞ የሚያመጣው ልዩነት ግን ትንሽ ስለሆነ ይዘነጋል። በ1992 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ መነሻ የተለካ የይዞታ ማዕዘንና ዛሬ በዚያው መነሻ የሚለካ የጎረቤቱ ማዕዘን፣ የየልኬታቸው ቀን ካልተመዘገበ፣ ከአንድ ክንድ በሚበልጥ ርቀት ሊጣሉ ይችላሉ። 75 ሳንቲ ሜትር በጅግጅጋ መንደር ውስጥ ሁለት ቤተሰብን ፍርድ ቤት ለማድረስ ይበቃል። ፍርድ ቤቱም ከሁለቱ አንዱን ወራሪ ሊያሰኝ ይችላል፤ በእውነቱ ግን የተንቀሳቀሰው ምድሩ ነው። ስለዚህ ቁጥር ያለ ቀን ምሉእ አይደለም። የአንቴናው ቁመትና ዓይነት፣ የልኬቱ ሰዓት፣ የነጥቡ ፎቶግራፍ ከቁጥሩ ጋር ተያይዘው መቀመጥ አለባቸው። ጥሬው ልኬት ደግሞ ሪፖርቱ ከተጻፈ በኋላ መጣል የለበትም።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ አባላት፤

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀን አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም። የሳተላይት ልኬትም ይህን አይሰጥም። የሚሰጠው ውጥረቱ የት እየተጠራቀመ እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ አደጋው ሲደርስም መሬቱ በትክክል ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ቁጥር ነው። የሕንፃ ደንብ፣ የግድብና የሐዲድ ንድፍ የሚታነጹት በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ባለሙያም በትምህርት ይገኛል። ከአደጋ በፊት የተወሰደ ልኬት ግን ከአደጋ በኋላ በምንም ዋጋ አይገኝም። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ያመለጠው፣ በ1953 በካራቆሬና በ1961 በሰርዶ ያመለጠው ይኸው ነው። በአሳል የተገኘው በጥቂት ዓመት የቀደሙ ሰዎች ችካል ስለ ተከሉ ነው። በጅግጅጋ፣ በቶጎ ጫሌ፣ በኤረር፣ በሽንሌ ወይም በአይሻ ለመንገድ፣ ለውኃ ወይም ለይዞታ ሥራ መቀበያውን በዓለት ላይ የሚያቆም ባለሙያ፣ ልኬቱን ጥቂት ሰዓት አርዝሞ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ጥሬውን መዝገብ ለብሔራዊው የጂኦስፓሻል ተቋምና ለዩኒቨርሲቲ ቢያስረክብ፣ ያን ቀን የሠራው ሥራ ከተቀጠረበት ጉዳይ አልፎ ይሄዳል። ውጤቱን ራሱ ላያየው ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደዚያ ዓለት የሚወጣው ቀያሽ ግን ችካሉን በቦታው፣ ቁጥሩን በመዝገቡ ማግኘት ይገባዋል።